ማንም ያልተከለው ደን፦ ከጣና ዳር እስከ ኮስታ ሪካ

ሐምሌ ሲገባ ባሕር ዳርም እንደ ሌላው ከተማ አካፋና ዶማዋን ታነሳለች። መሥሪያ ቤቱ፣ ተማሪው፣ የሠፈር ዕድሩ ሁሉ ችግኝ ተሸክሞ ይወጣል። ማታ በዜና ቁጥር ይነበባል። ቁጥሩም ትልቅ ነው። በ2019 በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ ተተከለ ተባለ። በ2025 የአንድ ቀኑ ዕቅድ 700 ሚሊዮን ደርሶ ነበር። (እዚህ ጽሑፍ ላይ ያሉት ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

እኔ ዛሬ ማውራት የፈለግሁት ማንም ስላልተከለው ደን ነው። ወፍ ዘሩን ጥላለት፣ ነፋስ አምጥቶት፣ ወይም ከተረሳ ጉቶ አቆጥቁጦ ራሱን ችሎ ስለቆመው። ለዚህ ደን ጉድጓድ የሚቆፍርለት የለም። ካሜራ ይዞ የሚመጣለትም የለም። ሲቀንስም ቶሎ ልብ የሚለው ሰው ጥቂት ነው።

ፋኦ፣ ማለትም የተባበሩት መንግሥታት የምግብና እርሻ ድርጅት፣ በየአምስት ዓመቱ የዓለምን ደን ይቆጥራል። ቁጥሩን የሚያቀርቡት አገሮቹ ራሳቸው ናቸው። ድርጅቱ ደንን ለሁለት ይከፍለዋል፤ በተፈጥሮ የሚታደስና በሰው የተተከለ። አብዛኛው ዛፍ ራሱ የበቀለ ከሆነ ደኑ የመጀመሪያው ዓምድ ውስጥ ይገባል። የ2020ው ሪፖርት የዓለምን ደን 4.06 ቢሊዮን ሄክታር አድርሶታል። ከዚህ ውስጥ 93 በመቶው ራሱ የበቀለ ነው። የተተከለው 7 በመቶ ብቻ ነው።

ችግሩ ሁለቱ ዓምዶች በተቃራኒ አቅጣጫ መሄዳቸው ላይ ነው። ከ1990 ወዲህ የተተከለው ደን በ123 ሚሊዮን ሄክታር አድጓል። ራሱ የበቀለው ግን እየቀነሰ መጥቷል። ስለዚህ አንድ አገር «ደኔ አልቀነሰም» ሲል፣ የአንዱን ጉድለት በሌላው እየሞላ ሊሆን ይችላል። የጥንት ዝግባ ተቆርጦ በዚያው ስፋት ባሕር ዛፍ ቢተከል ድምሩ ንቅንቅ አይልም። ወፉና ዝንጀሮው ግን ልዩነቱን በአንድ ቀን ያውቁታል።

እግረ መንገዴን፦ ባሕር ዛፍ ተቆርጦ ከጉቶው ሲያቆጠቁጥ «ይኸው፣ ማንም አልተከለውም» ብሎ የሚከራከር አይጠፋም። ፋኦ ቀድሞ አስቦበታል። መጀመሪያ በሰው እጅ የተተከለ ዛፍ ከጉቶው ደጋግሞ ቢያቆጠቁጥም ከተተከለው ዓምድ አይወጣም።

አሁን ወደ እኛ ቁጥር እንምጣ። በዚያው የ2020 ሪፖርት መሠረት ኢትዮጵያ በ1990 ወደ 19.3 ሚሊዮን ሄክታር ደን ነበራት። በ2000 ወደ 18.5፣ በ2010 ወደ 17.8፣ በ2020 ወደ 17.1 ሚሊዮን ወርዷል። በዓመት 73 ሺህ ሄክታር ይቀነሳል ማለት ነው። በሦስቱም ዐሥርት ዓመታት ያው 73 ሺህ። ደርግ ወደቀ፣ መሬት ተሸነሸነ፣ ድርቅ መጣ ሄደ፣ ከተማው ሰፋ። ቁጥሩ ግን ፍንክች አላለም። ደን እንዲህ ሰዓት ጠብቆ አይጠፋም።

ምስጢሩ ያለው ምንጩ ላይ ነው። አገሪቱ በ2016 ለተባበሩት መንግሥታት የአየር ንብረት ስምምነት አንድ ሰነድ አቅርባ ነበር። ሰነዱ ከ2000 እስከ 2013 የነበረውን ለውጥ በሳተላይት ምስል ያየ ነው። በዓመት 92 ሺህ ሄክታር ደን ይጠፋል፣ 19 ሺህ ሄክታር ደግሞ ይመለሳል ብሎ አሰላ። ልዩነቱ 73 ሺህ ሆነ። ከዚያ ያው ቁጥር ወደ ኋላም ወደ ፊትም ተዘረጋ። ሥሌቱ ስህተት ነው እያልኩ አይደለም። የ13 ዓመት ልኬት ለ30 ዓመት ሲያገለግል ግን፣ መስመሩ ቀጥ ያለው ደኑ ስለተረጋጋ እንዳልሆነ ማወቅ ደግ ነው።

እኔን የሚስበኝ 92ቱ ሳይሆን ያቺ ትንሿ 19 ናት። ተመለሰ የተባለው ምኑ ነው? ዋንዛው ነው ወይስ አጣናው? ከሰማይ ለሚያይ ሳተላይት ጥቅጥቅ ያለ የባሕር ዛፍ ማሳና የተመለሰ የሐበሻ ደን ሁለቱም አረንጓዴ ናቸው። በአማራ ክልል ደጋ ደግሞ ባለፉት ሠላሳ ዓመታት በዓይን የሚታየው አዲስ አረንጓዴ አብዛኛው የገበሬ ባሕር ዛፍ ነው።

የትርጉሙም ነገር አለ። እስከ 2015 ድረስ የኢትዮጵያ ደን 12.5 ሚሊዮን ሄክታር፣ ከመሬቷ 11 በመቶ ገደማ ነው ይባል ነበር። ወዲያው ወደ 17 ሚሊዮንና ወደ 15 በመቶ ዘለለ። በአንድ ሌሊት የበቀለ ነገር የለም። የተቀየረው መለኪያው ነው። አገሪቱ ደን የሚባለውን ቢያንስ ግማሽ ሄክታር ስፋት፣ 2 ሜትር ቁመትና 20 በመቶ የዛፍ ጥላ ያለው ብላ ወሰነች። የፋኦ መለኪያ ቁመቱን 5 ሜትር፣ ጥላውን 10 በመቶ ይላል። ቁመቱ ዝቅ ያለው በምዕራብ ቆላ ያለው አጭር ደንና የቀርከሃው ጫካ እንዳይቀር ነው። ምክንያቱ ደህና ምክንያት ነው። ብቻ የድሮውንና የአዲሱን ቁጥር ጎን ለጎን አስቀምጦ «ደናችን ጨመረ» ማለት አይቻልም።

በቅርቡም መንግሥት የደን ሽፋኑ በ2019 ከነበረበት 17.2 በመቶ በአራት ዓመት ውስጥ ወደ 23.6 በመቶ ማደጉን ተናግሯል። ልዩነቱ በሄክታር ሲመታ 7 ሚሊዮን ገደማ ነው። ጥያቄዬ ያው ነው፦ በየትኛው መለኪያ? ከዚያ ውስጥስ ስንቱ የተተከለ፣ ስንቱ ራሱ የበቀለ ነው? ሁለቱ ተለያይተው ቢነገሩ ክርክሩ ግማሽ በግማሽ ያልቅ ነበር። «ከመቶ ዓመት በፊት የአገራችን 40 በመቶ ደን ነበር» የሚለውንም ትምህርት ቤት ያልሰማ የለም። የታሪክ ተመራማሪዎች ዱካውን ተከትለው ሲሄዱ ግን ከዚያ ቁጥር ኋላ የቆመ ልኬት አላገኙም። እኛ ቁጥር ስንወድ እንዲህ ነን።

ለንጽጽር የመካከለኛው አሜሪካዋን ኮስታ ሪካን የመረጥኩት ለመኮረጅ የምትመች አገር ስለሆነች አይደለም። እንዲያውም ብዙ ነገሯ ከእኛ አይገጥምም። ግን ተራራማ ናት፣ ዝናብ አላት፣ በቡና የታወቀች ናት። ደኗንም እንደ እኛ ጨፍጭፋ ነበር። ስፋቷ 51 ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ የአማራ ክልልን ሲሶ ያህላል። ሕዝቧ 5 ሚሊዮን አካባቢ ነው።

የሚተረከው ታሪክ ይህን ይመስላል። በ1940ዎቹ ከመሬቷ ሦስት አራተኛው ደን ነበር። በ1980ዎቹ ወደ ሩብና ከዚያም በታች ወረደ። ዛሬ ከግማሽ በላይ ተመልሷል። ፋኦ በ2020 የሰጣት 3 ሚሊዮን ሄክታር፣ ከመሬቷ 60 በመቶ ገደማ ነው። ከዚህ ውስጥ የተተከለው በጣም ትንሽ ነው። ሌላው ራሱ የቆመ ወይም ራሱ የተመለሰ ነው።

ይህም ታሪክ ግን ጥርጣሬ ይፈልጋል። ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው ዝቅተኛ ነጥብ የ1987 ሲሆን፣ 21 በመቶ ነው ይባላል። የፋኦ ሰንጠረዥ ደግሞ ለዚያችው አገር በ1990 ከግማሽ በላይ ደን ይሰጣታል። በሦስት ዓመት ደን ከእጥፍ በላይ አያድግም። አንደኛው ቆጣሪ ጥቅጥቅ ያለውን ብቻ ሲቆጥር፣ ሌላኛው ሳሳ ያለውንም ጨምሯል። እኛ ብቻ አይደለንም ማለት ነው። ያም ሆኖ የኮስታ ሪካ አቅጣጫ በየትኛውም መለኪያ አንድ ነው፤ መውረዱ ቆሞ ወደ ላይ ዞሯል። የእኛው እስከ 2020 ድረስ ቁልቁል ነው።

ምን አዞረው? እዚህ ላይ ብዙ ሰው ታሪኩን ገልብጦ ነው የሚያወራው። «መንግሥት ለገበሬ ከፍሎ ደን አስመለሰ» ይባላል። ክፍያው እውነት ነው። በ1996 ቁጥሩ 7575 የሆነ የደን ሕግ ወጣ። ሕጉ የቆመ ደንን ወደ እርሻ ወይም ግጦሽ መቀየር ከለከለ። ደን አራት ጥቅም ይሰጣል አለ፦ ካርቦን ይይዛል፣ ውኃ ይጠብቃል፣ ብዝኃ ሕይወት ያኖራል፣ ለዓይን ያምራል። ከ1997 ጀምሮ ለእነዚህ ጥቅሞች ለባለ መሬቱ በሄክታር ይከፈለው ጀመር። ገንዘቡ በዋናነት የመጣው ከነዳጅ ታክስ ነው። በከተማ መኪና የሚነዳው ሰው ተራራ ላይ ላለው ዛፍ ጠባቂ ይከፍላል። ሐሳቡ ያምራል።

ነገር ግን የቀኑን ቅደም ተከተል እዩት። ደኑ መመለስ የጀመረው ሕጉ ከመውጣቱ በፊት፣ በ1980ዎቹ መጨረሻ ነው። ያኔ የተለወጠው የከብት ነገር ነበር።

መጀመሪያ ደኑን የበላውም ከብት ነው። ከ1950ዎቹ እስከ 1970ዎቹ ባንኮች ለከብት አርቢ ርካሽ ብድር ያድሉ ነበር። ሥጋው ወደ አሜሪካ ይላክ ነበር። በዚያ ላይ የመሬት ሕጉ ራሱ መንጣሪን ይሸልማል፤ ደን የመነጠረ ሰው «መሬቱን አልምቷል» ተብሎ ይዞታው ይጸናለት ነበር። በ1980ዎቹ መጀመሪያ አገሪቱ በዕዳ ተያዘች። የሥጋ ዋጋ ወደቀ። ብድሩ ደረቀ። በተለይ በሰሜን ምዕራቡ በጓናካስቴ ያለው አርቢ ገደላማውንና ድንጋያማውን ግጦሽ ትቶ ወጣ። በተተወው መሬት ላይ ደኑ ራሱ መጣ። ሕጉና ክፍያው የደረሱት የመጣው ደን ተመልሶ እንዳይቆረጥ ለመያዝ ነው። ይህን ደግሞ ማሳነስ አይገባም። በደቡብ ኮስታ ሪካ ኮቶ ብሩስ በሚባል ወረዳ የተደረገ ጥናት፣ ከተመለሰው ደን ግማሹ 20 ዓመት ሳይሞላው ዳግም መመንጠሩን አሳይቷል። ራሱ የመጣ ደን ባለቤት ካላገኘ ራሱ አይቆይም።

ስለ ከብት ስናወራ አንድ የሚገርም ነገር አለ። በጓናካስቴ ሳይንቲስቱ ዳንኤል ጃንዘን ደረቁን ደን ለመመለስ ሲነሳ ዋናው ጠላቱ እሳት ነበር። ግጦሹ ላይ የነበረው ከአፍሪካ የሄደ ረጅም ሣር በበጋ ይቀጣጠልና ቡቃያውን ይፈጃል። ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ከብቶቹን ሙሉ በሙሉ አላስወጣም። ሣሩን እየጋጡ እሳቱን እንዲያቀሉለት አቆያቸው። ዛፉ ጥላ ሲጥል ሣሩ ሲሞት፣ ያኔ ከብቱ ወጣ። ከብት ሁሉ ጠላት ነው ለሚሉ ባለሙያዎቻችን ይህቺን ጣል አድርጌ ልለፍ።

ይህ ሁሉ ከጣና ዳር ምን አገናኘው? ከባሕር ዳር ወደ ደብረ ታቦር የሚወስደውን መንገድ ይዛችሁ ስትሄዱ ሜዳውም ተረተሩም እርሻ ነው። እዚህም እዚያም ጠቆር ያለ አረንጓዴ ክብ ይታያል። ከየክቡ መሐል ቤተ ክርስቲያን አለ። በደቡብ ጎንደር ብቻ እንዲህ ያሉ አጸዶች ከ1,000 በላይ ናቸው። የባሕር ዳሩ ተመራማሪ ዶ/ር ዓለማየሁ ዋሴ 28ቱን አጥንተው ዛፍ፣ ቁጥቋጦና ሐረግ ተደምሮ 168 ዓይነት ዕፅዋት መዝግበዋል። የ28ቱ ስፋት ሲደመር 500 ሄክታር ገደማ ብቻ ነው። በ500 ሄክታር ውስጥ 168 ዓይነት! ጎኑ ያለው የባሕር ዛፍ ማሳ ስንት ሄክታር ቢሆን ያው አንድ ዓይነት ነው።

ዘሩ አለ ማለት ነው። ታዲያ ለምን ከአጸዱ ወጥቶ አይሰፋም?

መልሱ መሬት ላይ ይታያል። የአጸዱ ዳርቻ ላይ ቁጭ በሉ። ካብ ያለው ቦታ ከሆነ ውስጡ ቅጠል የተኛበት ጥቁር አፈር ነው፤ በእጅ ሲነኩት ይፈርሳል። ከቅጠሉ መሐል ጣት የሚያህል የወይራ ቡቃያ፣ ሁለት ቅጠል ብቻ ያወጣ ጥቁር እንጨት፣ ትንሽ ከፍ ያለ ብሳና ይታያል። ከካቡ ውጭ ሣሩ ከሥሩ ተላጭቷል። አፈሩ በሰኮና ተደብድቦ እንደ መንገድ ጠጥሯል። አንድ የአጋም ቁጥቋጦ ብቻ በእሾኹ ተርፎ ቆሟል። አጋሙን ገለጥ አድርጋችሁ ሥሩን ብታዩ ግን ያቺው የወይራ ቡቃያ እዚያም ትገኛለች። ከብቱ እሾኹን ፈርቶ ያልደረሰባት ናት።

ዶ/ር ዓለማየሁና ባልደረቦቻቸው ይህንኑ በአጥር ፈትነውታል። ከብት እንዳይገባ በታጠረው መደብ ላይ ዘር የተሻለ በቀለ፣ ቡቃያውም የተሻለ ተረፈ። እሳቸውና አሜሪካዊቷ የደን ተመራማሪ ማርጋሬት ሎውማን ከቀሳውስቱ ጋር ተነጋግረው በደቡብ ጎንደር አንዳንድ አጸዶች ዙሪያ የድንጋይ ካብ እንዲሠራ ያደረጉትም ከዚህ ተነሥተው ነው። ድንጋዩ በየማሳው ሞልቷል። ለገበሬውም ከማሳው መነሣቱ ጥቅም ነው።

ሌላው ምክንያት ከዘሩ ባሕርይ ይመጣል። የብዙ አገር በቀል ዛፎች ዘር አፈር ውስጥ ለዓመታት ተኝቶ አይቆይም። ያው በዚያ ዓመት ይበቅላል ወይ ይሞታል። ስለዚህ ከ50 ዓመት በፊት የተመነጠረ መሬት ዛሬ ቢከለል ከአፈሩ የሚወጣው በአብዛኛው ሣርና አረም ነው። ዛፉ እንዲመጣ እናት ዛፍ ቅርብ መሆን አለባት። ዘር ተሸካሚ ወፍም ማረፊያ ይፈልጋል። በሁለት አጸዶች መካከል ያለው ባዶ ማሳ ለወፍ ሩቅ ነው። ለዚህ ነው ማሳ መሐል ብቻውን የቀረ አንድ ሾላ ወይም ዋርካ ከመቶ ችግኝ ይልቅ ሊያገለግል የሚችለው። ሥሩ የሚወድቀው ዘር ብዙ ነው።

በሐይቁ ማዶ ዘጌ አለች። የዘጌ ነገር ከኮስታ ሪካው ታሪክ ጋር ፊት ለፊት ይገጥማል። በትውፊቱ ገዳሙን የመሠረቱት አቡነ በትረ ማርያም ናቸው። ሕዝቡ በበሬ ሳያርስና ከብት ሳያረባ እንዲኖር ቃል አለበት ይባላል። ኑሮው ቡናና ጌሾ ነው፣ ሎሚም አለ። ዙሪያው በሙሉ ሲመነጠር ዘጌ በደን ተሸፍና የቆየችው ለዚህ ነው። ጓናካስቴ ላይ ከብቱን የሥጋ ዋጋ አስወጣው። ዘጌ ላይ ደግሞ መጀመሪያውኑ አልገባም።

ግን ዘጌንም በፎቶ ብቻ አይተን አንለፍ። ከላይ ዋንዛው፣ ብርብራውና ሰሳው ጥላ ጥለዋል። ከሥራቸው ቡናው ነው። ከቡናው ሥር ዓይናችሁን ስትጥሉ የትልቅ ዛፍ ቡቃያ ማግኘት ይከብዳል። ቡናው ሲታረም አብሮ ይታረማላ! ዛሬ የቆመው ዋንዛ ሲያረጅ ተተኪው አልተዘጋጀም ማለት ነው። ለከተማው ማገዶ በታንኳ ሲጫን ከዚያ አቅጣጫ እንደሚመጣም የሐይቁ ዳር ሰው ያውቀዋል። ቆጣሪዎቹም ዘጌ ላይ ይቸገራሉ። በፋኦ ደንብ፣ ከዛፍ ጥላ ሥር ሰብል የሚለማበት እርሻ ደን አይባልም። ዘጌ ደን ናት ወይስ የቡና ማሳ? እንደኔ ደን ናት። ግን እንድትታደስ ከተፈለገ በየቡናው መሐል ጥቂት ቡቃያ ሳይነኩ ማለፍ ያስፈልጋል። ይህን ደግሞ ከባለ ቡናው በቀር ማንም ሊያደርገው አይችልም።

ወደ አዊ ከወረድን ሌላ ዓይነት አረንጓዴ ይጠብቀናል። በፋግታ ለኮማ ገበሬው ማሳውን ዲከረንስ በሚባል ቶሎ የሚያድግ የውጭ ግራር ሞልቶታል። አራት አምስት ዓመት ጠብቆ ይቆርጠውና ከሰል ያደርገዋል። መሬቱን አሳርፎ መልሶ ያርሳል። በሳተላይት ሲታይ ያ ወረዳ ደኑ ከጨመረላቸው አንዱ ነው። ገበሬውም ተጠቅሟል፣ ቤቱን ቆርቆሮ አልብሷል። እኔ በዚህ ገበሬ ላይ አፌን አልከፍትም። የተተከለው ዓምድ ውስጥ ግን ይግባ። አንድ ዓይነት ዛፍ ብቻ ሲሆን ምን እንደሚመጣም ባለፉት ዓመታት ታይቷል፤ በሽታ ገብቶ ማሳውን በሙሉ አደረቀው። ባሕር ዛፍም ቢሆን ከምኒልክ ዘመን ጀምሮ የከተማውን ማገዶ፣ ማገርና አጣና ተሸክሞ የቆየ ነው። እሱ ባይኖር የአጸዱ ወይራ እስከ ዛሬ አይቆይም ነበር ብል ብዙም አላጋነንኩም።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር። የኮስታ ሪካ መንገድ እዚህ በቀጥታ የማይሠራበት ምክንያት ከብቱ ራሱ ነው። የእነሱ ከብት ለገበያ የሚላክ ሥጋ ነበር። ዋጋው ሲወድቅ ባለቤቱ ሸጦት ከተማ ገባ። እዚያ ሥራ ነበር፤ ቆየት ብሎ የቱሪስት ገንዘብም መጣ። ቤቱ ምግብ የሚበስለው በኤሌክትሪክና በጋዝ ነው። የእኛ በሬ ግን ማረሻ ነው። እበቱ ተጋግሮ ኩበት ይሆናል። ላሚቱ የክፉ ቀን መያዣ ናት። ኢትዮጵያ 70 ሚሊዮን ገደማ የቀንድ ከብት አላት፤ በአፍሪካ አንደኛ ናት። የሥጋ ዋጋ ወደቀ ብሎ በሬውን የሚተው የፎገራ ገበሬ የለም። ቢተወውስ የሚገባበት ከተማ ምን ሥራ ይሰጠዋል? ባሕር ዳር ራሷ ለልጆቿ አልበቃችም። የሚተው መሬትም የለም። የአማራ ክልል ሕዝብ ከ20 ሚሊዮን በላይ ነው፣ የአንድ ቤተሰብ ማሳ ደግሞ ከአንድ ሄክታር ብዙም አያልፍም። በኮስታ ሪካ የተተወው ገደላማ ግጦሽ እዚህ የድሃው የመጨረሻ እርሻ ነው።

ስለዚህ እዚህ ደን በመተው ብቻ አይመለስም፣ በስምምነት መከለል አለበት። ይህም ይሠራል። በወላይታ ሁምቦ ተራራ ላይ በ2006 የተጀመረው ሥራ 2,728 ሄክታር ነው። አብዛኛው ችግኝ ተተክሎበት አይደለም። የተቆረጡት ዛፎች ጉቶና ሥር ከአፈር በታች በሕይወት ነበሩ። ከብትና ማገዶ ቆራጭ ሲከለከል አቆጠቆጡ። ገበሬዎቹ ከየጉቶው የደህናውን ቅርንጫፍ እየተዉ ሌላውን ገረዙ። ቦታው በኅብረት ሥራ ማኅበራት ስም ተያዘ። ደኑ ለሚይዘው ካርቦን የሚከፈል ገንዘብም መጣለት። ጉቶ ላለበት መሬት ከዚህ የሚረክስ መንገድ የለም። ችግኝ ጣቢያ አይፈልግም፣ ጉድጓድም አይፈልግም።

ጣና ዙሪያም «ከሰውና ከእንስሳት ንክኪ ነፃ» የተባሉ ተራሮች አሉ። ፋይዳቸው ለወፍ ብቻ አይደለም። ጉማራና ርብ፣ ግልገል ዓባይና መገጭ በየክረምቱ ቀይ አፈር ይዘው ሐይቁ ውስጥ ይገባሉ። ደለሉና ማዳበሪያው ለእምቦጩ ምግብ ነው። እምቦጩ ከ2011 ጀምሮ ያስከተለውን ራስ ምታት እዚህ ማንም አይረሳውም። በ2010 ሥራ የጀመረው የጣና በለስ ኃይል ማመንጫ 460 ሜጋ ዋት የሚያወጣው ከዚሁ ሐይቅ በሚቀዳ ውኃ ነው። ተራራው ላይ ያለው ደን ቢመለስ የሚጠቀመው ሩቅ ያለ ሰው ነው ማለት ነው፤ መብራት የሚያበራው፣ ዓሣ የሚያሰግረው፣ ጀልባ የሚነዳው። የሚከስረው ደግሞ ላሙን ወደ ተራራው እንዳትነዳ የተባለው ሰው ነው። ኮስታ ሪካ ላይ የነዳጅ ታክሱ የገባው በዚህ ክፍተት ነበር። ከመብራት ቢል ላይ ጥቂት ሳንቲም ለተፋሰሱ ይቆረጥ የሚለው ሐሳብ እዚህ ቢነሳ እኔ እጄን አወጣለሁ። ብዙ ሰው እንደማይወደው ግን አውቃለሁ።

እስከዚያ ክፍተቱን የሚሞላው ሣር ነው። በከለላ ቦታ ጉዳይ ቀበሌ ሲሰበሰብ ስለ ዛፍ የሚጨቃጨቅ የለም ማለት ይቻላል። ጭቅጭቁ ሣሩ ለማን ይድረስ የሚለው ነው። ለአዋሳኙ ብቻ? ለሁሉም እኩል? ሦስት በሬ ያለውና ምንም የሌላት ባልቴት እኩል ይጨዱ? እኩል ከሆነ ባልቴቷ ድርሻዋን ለባለ በሬው ትሸጣለች። እንዲህ የተስማማ ቀበሌ ከለላውን በጥበቃ ሳይሆን በራሱ ሰው ያስከብራል። ያልተስማማው ቦርድ ይተክልና ማታ ማታ ከብቱ ይገባበታል። የተስማማውም ቢሆን አንድ ነገር ይቀረዋል፤ ሣሩ የሚታጨደው በዓመት አንዴ፣ ክረምቱ ካለፈ በኋላ ነው። ላሚቱ ግን ሚያዝያም ትበላለች።